የፀሐይ ሰሌዳ በቤት ውስጥ ይሠራልን?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ አጭር ጥያቄ ነው፤ «የፀሐይ ሰሌዳ በቤት ውስጥ ሊሠራ ይችላልን?» የሚል። ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ በገበዝ ማርያምና እርሱን በመሳሰሉ የምዕራብ ጎጃም ገጠሮች የሚኖሩ ወጣቶች፣ በተለይም በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ጥቂት የገፉት፣ መሐንዲስ የተባለ ሰው ባገኙ ቁጥር የሚያነሡት ጥያቄ ነው። «ሶላር» እያልን የምንጠራው ይህ ዕቃ ከነጋዴ ከሚገዛ በገዛ እጃችን ብንሠራው ምን ይከለክለናል? ይላሉ። ከእኛ መካከል ጥያቄውን ሰምቶ ፈገግ ብሎ የሚያልፍ አለ። ሳይመረምር «ይቻላል፣ በርታ» የሚልም አለ። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ጠያቂውን ይበድሉታል። የመጀመሪያው ዕውቀት ይነፍገዋል፤ ሁለተኛው ገንዘቡን ያስጠፋዋል። ስለዚህ ጥያቄውን ከሦስት ከፍዬ ለማየት እሞክራለሁ። በቤት ሊሠራ የማይችለው የትኛው ክፍል ነው? ሊሠራ ቢችልም የማያዋጣውስ? ሊሠራ የሚችል ብቻ ሳይሆን ሊሠራ የሚገባውስ የትኛው ነው?

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ተቃውሞ መመለስ ይኖርብኛል። ታላቁ የኅዳሴ ግድብ እ.ኤ.አ. መስከረም 9 ቀን 2025 ተመርቋል፤ የማመንጨት ዐቅሙም 5,150 ሜጋዋት ነው። እንዲህ ያለ ወንዝ ኃይል እየሰጠን ስለ አንድ ክንድ ሰሌዳ መነጋገር ምን ያስፈልጋል? የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። መልሱ ከግድቡ ዘንድ አይገኝም፤ የሚገኘው ከምሰሶው ዘንድ ነው። ኃይል ማመንጨት አንድ ሥራ ነው፤ ያንን ኃይል እያንዳንዱ ጎጆ ማድረስ ሌላ ሥራ ነው። ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለው መሥመር በማሳው ላይ የሚያልፍበት ገበሬ፣ ማታ ኩራዝ የሚያበራ ሊሆን ይችላል። ትራንስፎርመሩ፣ ምሰሶው፣ ሽቦውና ቆጣሪው ተራርቀው ለተሠሩ ጥቂት ቤቶች ሲሰላ ወጪው እጅግ ከባድ ነው። መንግሥትም ይህን ተረድቶ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ አቅርቦት ፕሮግራም፣ ከሕዝቡ 65 በመቶው ከዋናው መሥመር፣ 35 በመቶው ደግሞ ከመሥመር ውጭ በሆነ ዘዴ ኤሌክትሪክ እንዲያገኝ አቅዷል። ከመሥመር ውጭ ሲባል በአብዛኛው ፀሐይ ማለት ነው። እንግዲህ ነገሩ የግድቡ ተቀናቃኝ አይደለም፤ ግድቡ ቶሎ የማይደርስበትን ቤት የሚመለከት ጉዳይ ነው።

ነገሩ ለአገራችንም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 በመካከለኛው ኢትዮጵያ በሚቶ መንደር 10.5 ኪሎዋት የሚሰጥ የፀሐይ ኤሌክትሪክ ተተክሎ ነበር። በ1989 ወደ 30 ኪሎዋት አድጎ ለ300 ያህል ቤተሰቦች አገልግሏል። ከዚያም ወዲህ በሰሜን ሸዋ በሬማ ብዙ ቤቶች በትንንሽ ሰሌዳ መብራት አግኝተዋል። እዚያ የተከፈተውም ትምህርት ቤት የፀሐይ ኃይል ቴክኒሻኖችን አሠልጥኗል። ሥራውን የመራው የሶላር ኢነርጂ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2009 የአሽደን ሽልማትን አግኝቷል። ወደ ሬማ በኋላ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንምጣ፤ በቤት ሊሠራ የማይችለው ምንድን ነው?

የሰሌዳው ልብ ሴሉ ነው። ፈረንሳዊው ቤክሬል ብርሃን ኤሌክትሪክ ሊያስነሣ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1839 አስተውሎ ነበር። ይሁን እንጂ ሥራ ላይ ሊውል የቻለው የሲሊከን ሴል የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ነው። በዚያን ጊዜ ከሚያርፍበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው 6 በመቶ ያህሉን ነበር፤ ዛሬ በገበያ የሚገኘው ከ20 በመቶ በላይ ይለውጣል። ሲሊከን ከአሸዋና ከድንጋይ ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር ስለሆነ «አሸዋማ በቢር ወንዝ ዳር ሞልቶ የለምን?» የሚል ብልኅ ተማሪ አይጠፋም። ነገር ግን ሲሊከን የሚቀልጠው ከ1,400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው። ለሴል የሚሆነውም ከሚሊዮን አተሞች አንድ እንኳ ባዕድ የማይታገሥ ንጹሕ መሆን አለበት። ይህ የፋብሪካ ሥራ ነው። ደስ የሚለው ግን ፋብሪካው ከአገራችን የራቀ አለመሆኑ ነው፤ ቶዮ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2025 በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የፀሐይ ሴል ማምረት ጀምሯል።

በቤት የሚሠራ አንድ ዓይነት ሴል መኖሩን ሳልጠቅስ አላልፍም። ንጹሕ የመዳብ ቆርቆሮ በእሳት ላይ እስኪጠቁር ተግሎ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ፣ ጥቁሩ ቅርፊት ተላጦ ከሥሩ ቀይ የመዳብ ኦክሳይድ ይገኛል። ይህን ከሌላ ንጹሕ መዳብ ጋር ሳይነካኩ በጨው ውኃ ውስጥ አቁሞ ለፀሐይ ቢያሳዩት፣ የመለኪያው ቀስት ይነቃነቃል። የሚሰጠው የሚሊአምፒር ክፍልፋይ ስለሆነ አምፖል አያበራም። ለትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ግን ከዚህ የሚሻል ርካሽ መምህር አላውቅም። ብርሃን ሲጋረድ ቀስቱ ሲወርድ፣ ሲገለጥ ሲወጣ ያየ ተማሪ ነገሩን አይረሳውም።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ሊሠራ የሚችለው ነገር ግን የማያዋጣው የትኛው ነው? የሚለው ነው። ይህ በተለምዶ «በቤት የተሠራ ሰሌዳ» የሚባለው ነው፤ ማለትም የተሠሩ ሴሎችን ገዝቶ፣ በይዶ፣ በመስተዋት ሥር አሽጎ ሰሌዳ ማድረግ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ሴል፣ ስፋቱ ምንም ይሁን ምን፣ በሥራ ላይ ሳለ የሚሰጠው ግማሽ ቮልት ገደማ ነው። ስፋቱ የሚወስነው አምፒሩን ነው። ስለዚህ 12 ቮልት ባትሪ ለመሙላት ሴሎቹ እንደ ሰንሰለት ተያይዘው፣ የአንዱ የፊት ገጽ ከቀጣዩ ጀርባ ጋር በቀጭን ቆርቆሮ በተለበጠ የመዳብ ጥብጣብ ይበየዳሉ። የሬዲዮ ጠጋኝ መበየጃና ሊድ ለዚህ ይበቃል። የሴሉ ውፍረት ግን የአንድ ሚሊሜትር አምስተኛ እንኳ አይሞላም። «ከአያያዝ ይቀደዳል» የተባለው ለዚህ ዕቃ የተነገረ ይመስላል። በጣት ጫና ይሰነጠቃል፤ መበየጃው ጥቂት ከዘገየበትም ይበላሻል።

የሴሎቹ ቁጥር 36 መሆኑ በዘፈቀደ አይደለም፤ እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይበት። 36 ሴል በግማሽ ቮልት ሲባዛ 18 ቮልት ይሆናል። ለ12 ቮልት ባትሪ ይህ የተትረፈረፈ ይመስላል። ስለዚህ ገንዘብ ለመቆጠብ የሚያስብ ሠሪ «ስድስቱን ብቀንሳቸውስ?» ይላል። ባለ 30 ሴሉን ሰሌዳ ጭነት ሳይኖርበት በመለኪያ ሲለካው 18 ቮልት ያነብባል፤ ምክንያቱም ባዶውን ሲለካ እያንዳንዱ ሴል ወደ 0.6 ቮልት ያሳያል። ሠሪው በዚህ ደስ ይለዋል። ነገር ግን ሰሌዳው በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ቀትር ሲመታው 60 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይግላል። ሲግል ደግሞ ቮልቴጁ ይወርዳል። ባለ 36ቱ በሥራ ላይ ወደ 15 ቮልት ሲወርድ ባትሪውን ለመሙላት ገና ይበቃል። ባለ 30ው ግን ወደ 12 ተኩል ስለሚወርድ ባትሪው መቼም አይሞላም። መለኪያው ዋሽቶ አይደለም፤ የተጠየቀው ጥያቄ ስሕተት ሆኖ ነው እንጂ። ሰሌዳ በባዶው ሳይሆን ጭነት ተሸክሞ፣ ጧት ሳይሆን ቀትር ላይ መለካት አለበት።

ከሁሉ የከበደው ደግሞ እሸጋው ነው። በፋብሪካ ሴሎቹ በሁለት የፕላስቲክ ንጣፎች መካከል ገብተው፣ አየር በተሳበበት መጭመቂያ ውስጥ ወደ 145 ዲግሪ ሙቀት ይቀልጥባቸዋል። ሴሉ፣ መስተዋቱና ጀርባው አንድ አካል ይሆናሉ። በዚህም ምክንያት ሰሌዳው 25 ዓመት ይቆማል። በቤት የሚሠራው ግን በእንጨት ወይም በአሉሚኒየም ክፈፍ ውስጥ ተቀምጦ ዳሩ በሲሊኮን ማጣበቂያ ይዘጋል። በበጋ ምንም አይል ይሆናል። ከሰኔ እስከ መስከረም የጎጃም ክረምት ሲመጣ ግን ቀን የሚግለው፣ ሌሊት የሚቀዘቅዘው ሳጥን እርጥበት ይስባል። ከመስተዋቱ ሥር ጤዛ ይቋጥራል፤ ብየዳው ይዝጋል፤ በዓመት በሁለት ዓመት ሰሌዳው ይሞታል።

ዋጋውን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1977 የአንድ ዋት ሰሌዳ ዋጋ ከ70 የአሜሪካ ዶላር በላይ ነበር። በ2024 ግን በቻይና ፋብሪካ በር ላይ የአንድ ዋት ዋጋ ወደ 10 የአሜሪካ ሳንቲም ወርዷል። ማጓጓዣው፣ ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ቢጨመርበትም፣ ሴሉን፣ ጥብጣቡን፣ መስተዋቱንና ማጣበቂያውን ለየብቻ ገዝቶ ከዚያ በታች ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ አንድ ወጣት ተበድሮ የቤት ውስጥ ሰሌዳ ሥራ ልጀምር ቢል «ተው» ልንለው ይገባል። ለመማር አንድ ይሥራ፤ ለመሸጥ ግን አይሥራ።

ሦስተኛው ጥያቄ እነሆ፤ ሊሠራ የሚገባው ምንድን ነው? ሰሌዳው ከመላው ሥርዓት አንዱ አካል ብቻ ነው። ቀሪው፣ ማለትም ስሌቱ፣ መስቀያው፣ ሽቦው፣ የባትሪው አያያዝና ጥገናው፣ ከውጭ ታሽጎ አይመጣም። በገጠራችን የሚበላሸው በአብዛኛው ይኸው ክፍል ነው።

ከስሌት እንነሣ። በገበዝ ማርያም አካባቢ የሚኖር አንድ ቤተሰብ ባለ 3 ዋት ሦስት አምፖል ለ5 ሰዓት ያበራል እንበል፤ 45 ዋት ሰዓት ይሆናል። ባለ 3 ዋት ሬዲዮ ለ4 ሰዓት 12፣ ሁለት ስልክ ለመሙላት 10 ያህል ሲጨመር፣ ድምሩ 67 ነው። በሽቦ፣ በባትሪና በሙቀት የሚጠፋውን ለመተካት በ0.7 ብናካፍለው ወደ 96 ይደርሳል። በአገራችን አማካዩ የፀሐይ ጨረር በካሬ ሜትር በቀን ከ5 እስከ 6 ኪሎዋት ሰዓት ነው። እኛ ግን ስሌቱን ማድረግ ያለብን ለሐምሌና ለነሐሴ ስለሆነ 4 እንያዝ። 96 ለ4 ሲካፈል 24 ዋት ይሆናል፤ ደመና ለተደራረበበት ቀን ብለን 40 ዋት ብንገዛ ይበቃናል። ይህን ስሌት ሳይሠሩ የገዙ ሰዎች ወይ ያለ ልክ ያወጣሉ፤ ወይም በክረምት ጨለማ ይውጣቸዋል።

በግዢ ጊዜም መታለል አለ። በአንድ ወቅት እንድመለከተው የቀረበልኝ ሰሌዳ ጀርባው ላይ «100 ዋት» ተጽፎበት ነበር። ቀትር ላይ ስንለካው ግማሹን እንኳ አልሰጠም። የሸጠውን ሰው ስም ማንሣት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ገዢው ያለ መለኪያ የሚያውቅበትን ዘዴ ማስተማር ነው። ዘዴውም ቀላል ነው። በጠራ ቀትር በካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው ወደ 1,000 ዋት ነው፤ ሰሌዳው ከዚህ አምስት እጅ አንዱን ይለውጣል። አንድ ክንድ ወደ ግማሽ ሜትር ስለሆነ፣ ክንድ በክንድ የሆነ ሰሌዳ ከ50 ዋት እጅግ ሊበልጥ አይችልም። ክንድ በክንድ ሆኖ «100» የተጻፈበት ሰሌዳ ካለ፣ ጽሑፉ ሐሰት ነው። ይህን ማንኛዋም እናት በቡሬ ገበያ ቆማ በክንዷ ልትፈትነው ትችላለች።

መስቀያውን በሚመለከት፣ ከአውሮፓ መጽሐፍ የተገለበጠ ምክር አይበጀንም። እነርሱ ሰሌዳውን አቀርቅረው የሚያቆሙት ፀሐይ ከአድማሳቸው ዝቅ ብላ ስለምትሄድ ነው። ፍኖተ ሰላም ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ10 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ትገኛለች። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ እንዲያውም በስተ ሰሜናችን ታልፋለች። ስለዚህ ሰሌዳውን ወደ ደቡብ 15 ዲግሪ ያህል ማዘንበል ይበቃል። ያን ያህሉም ዝናቡ አቧራውን አጥቦ እንዲወርድ ይረዳል። ከጣሪያው ቆርቆሮ አንድ ስንዝር ከፍ ቢል ነፋስ ከሥሩ ገብቶ ያቀዘቅዘዋል። የባሕር ዛፍ ጥላ ግን በአንድ ሴል ላይ ብቻ ቢያርፍ እንኳ የሰንሰለቱን ኃይል ሁሉ ያንቀዋል፤ በውስጡ ማለፊያ ዳዮድ ከሌለ ያ ሴል እስኪቃጠል ሊግል ይችላል።

ሽቦም እንዲሁ ነው። በ220 ቮልት የለመደ እጅ በ12 ቮልት ይሳሳታል። ከሰሌዳው እስከ ባትሪው 10 ሜትር ቢሆንና 3 አምፒር ቢያልፍ፣ 0.5 ካሬ ሚሊሜትር በሆነ ቀጭን ሽቦ ላይ ሁለት ቮልት ያህል ይጠፋል። 2.5 ካሬ ሚሊሜትር በሆነው ላይ ግን የሚጠፋው ግማሽ ቮልት አይሞላም። የተጠፉት ሁለት ቮልቶች ባትሪውን የሚሞሉት ነበሩ። ከባትሪው አጠገብም ፊውዝ ይኑር፤ ዝቅተኛ ቮልት ሰው ባይገድልም የሣር ክዳን ቤት ግን ያቃጥላል።

ባትሪን በተመለከተ ሁለት ነገር ብቻ ልበል። የመኪና ባትሪ የተሠራው ሞተር ለማስነሣት፣ ብዙ አምፒር ለጥቂት ሴኮንድ ለመስጠት ነው። በየሌሊቱ እስከ ታች የሚራቆት ከሆነ ዕድሜው በወራት ይቈጠራል። ሁለተኛ፣ የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ያወጣል። አየር በማይገባበት ጓዳ፣ ኩራዝ ከሚበራበት አጠገብ ማስቀመጥ አደጋ ነው። ያረጀውንም አሲድ በማሳ ወይም በምንጭ ዳር መድፋት ልጆችን በእርሳስ መመረዝ ነው።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ ከዚህ ሁሉ የሚከተለው ምንድን ነው? አንድ ቤት መብራት ገዝቶ ከዓመት በኋላ ሲጠፋበት፣ የጠፋው ብዙ ጊዜ የዝገት ብየዳ፣ የላላ ማያያዣ ወይም የተቃጠለ ፊውዝ ነው፤ በመበየጃ በሩብ ሰዓት የሚድን። የሚያድነው ሰው በአካባቢው ስለሌለ ግን ሰሌዳው የዶሮ ቆጥ መክደኛ ይሆናል፤ ቤተሰቡም ወደ ኩራዝ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ በጎረቤቱ ፊት ስለ ፀሐይ መብራት የሚናገረው ክፉ ብቻ ነው። እምነት ከተሰበረ ርካሽ ሰሌዳም ቢሆን አይጠግነውም። በሬማ ሥራው እንዲቆይ ከረዱት ነገሮች አንዱ፣ በመንደሩ የሠለጠነ ጠጋኝ መኖሩና ተጠቃሚው ለጥገና የሚውል ወርኃዊ ክፍያ መክፈሉ ነው። በሕንድም በቲሎኒያ እ.ኤ.አ. በ1972 የተመሠረተው የቤርፉት ኮሌጅ፣ ፊደል ያልቈጠሩ የገጠር እናቶችን የመብራቱን የኤሌክትሮኒክስ ክፍል መግጠምና መጠገን አስተምሯል። እነርሱ ከቻሉ የቴክኒክና ሙያ ምሩቅ የሆነ የጎጃም ልጅ የማይችልበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ከላይ የዘረዘርኩትን የመሰለ ስሌት፣ ሥዕልና የጥንቃቄ ምክር የያዘ ቀጭን መጽሐፍ በአማርኛ እናዘጋጅ፤ ዋጋው ገበሬ የሚገዛው ይሁን። ሁለተኛ፣ በየወረዳው ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ጋር ተነጋግረን አንድ የጥገና ጠረጴዛ እናቋቁም። መለኪያ፣ መበየጃ፣ ዳዮድ፣ ፊውዝና ማያያዣ ከኖረበት ሌላ ብዙ አይጠይቅም። እዚያ እያንዳንዱ ሠልጣኝ አንድ ሰሌዳ በእጁ ይሥራ፤ ሊሸጠው ሳይሆን የሰሌዳውን ሕመም እንዲያውቅ። ሠሪ ያልሆነ ጠጋኝ ሊሆን አይችልምና። ሦስተኛ፣ ከእኛ እያንዳንዱ በዓመት ሁለት ቀን ሰጥቶ በአንዱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ያስተምር። ሁለት ቀን ማንንም አያደኸይም።

መሥመሩ ሲመጣ ይህ ሁሉ ከንቱ ይሆናል የሚል ካለ፣ ሽቦ መምረጥ፣ ፊውዝ ማስቀመጥና ኃይልን በቁጥር ማሰብ ለመሥመሩም የሚያስፈልግ ዕውቀት መሆኑን ላስታውስ። መሥመሩ በመጣ ጊዜ ሠልጥኖ የሚጠብቀው ሰው ያገኛል።

እንግዲህ ለተነሣው ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። ሴሉን ለፋብሪካ እንተወው። ሰሌዳውን ከገበያ እንግዛ፤ ግን በክንዳችን ለክተን። ቀሪውን ሁሉ፣ ስሌቱን፣ መስቀያውን፣ ሽቦውንና ጥገናውን፣ በቤታችን እንሥራ።